የዓይን ምልክትና የደም ነቀርሳ፤ በአሶሳና በአካባቢው ሁኔታ ሲታይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ዓይንና ስለ ደም መናገር ከቦታው የወጣ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንገድ የቀየሱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጉ፣ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈሩ የሙያው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ባልደረቦች በየሥራ ካምፑ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ ይኸውም በዚያ አካባቢ ዓይኑን የሚያመው ሰው ማየት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። የዚህም ንግግር ርእስ ከዚሁ የሚነሣ ነው። የዓይን ሕመም በበዛበት ቦታ፣ ከዓይን ያልመነጨ ነገር ግን በዓይን ላይ የሚታይ ምልክት እንዴት ሳይታወቅ ሊያልፍ እንደሚችል፣ በተለይም በደም ነቀርሳ ረገድ ይህ ስሕተት ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ለመመርመር ነው።

በክልሉ የዓይን ሕመም ምንጩ ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ እጅግ ከባድ የሆነ የትራኮማ ሸክም ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደም መሆኗ የታወቀ ነው። በመተከል ዞን ደግሞ ፈጥነው በሚወርዱ ወንዞች የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ኦንኮሰርኪያሲስ አለ፤ ይህ በሽታ በአገራችን ዓይንን ከማጥፋቱ ይልቅ ቆዳን በማሳከኩ ጎልቶ ቢታይም፣ ስሙ ከዓይን ጋር ተያይዞ ይጠራል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ፣ የማድ ቤቱ ጭስ፣ የቪታሚን ኤ ጉድለትና በዕድሜ የሚመጣው የዓይን ሞራ ይጨመራሉ። ስለዚህ ዓይኔን አመመኝ ብሎ ለመጣ ሰው የጤና ሠራተኛው በመጀመሪያ የቴትራሳይክሊን ቅባት ቢያስብ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። አስቸጋሪው፣ ልማዱ በሚሳሳትበት በዚያ በጥቂቱ ጊዜ የሚሆነው ነው።

የደም ነቀርሳ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሉኪሚያ፣ ከአጥንት መቅኔ የሚነሣ በሽታ ነው። መቅኔው ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳትን እንዲሁም ደምን የሚያረጉትን ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን አካላት የሚያመርት ፋብሪካ ነው ቢባል ከሙያችን ቋንቋ የራቀ አይሆንም። በሉኪሚያ ጊዜ ከፋብሪካው አንዱ ክፍል ከቁጥጥር ወጥቶ ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳትን ያለ ልክ ያመርታል፤ ለሌሎቹ ምርቶች ቦታ ያሳጣል። ውጤቱም ሦስት ነው፤ ቀይ ሕዋስ ሲያንስ ሰውየው ይገረጣል፣ ይደክማል፤ ፕላትሌት ሲያንስ በድድና በአፍንጫ ይደማል፤ ነጭ ሕዋሳቱ ቢበዙም ሥራቸውን ስለማይሠሩ ትኩሳትና ልክፍት ይደጋገማል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1845 እንዲህ ያለውን ደም «ነጭ ደም» ብሎ ገለጸው፤ ሉኪሚያ የሚለው ስምም ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው።

ዓይን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በሰው አካል ውስጥ የደም ቧንቧዎችን ያለ ቢላዋ፣ በቀጥታ ለማየት የሚቻለው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በብሌን በኩል ብርሃን አስገብቶ የዓይንን የኋላ መጋረጃ፣ ሬቲናን፣ በመመልከት ነው። ይህን ያስቻለውን መሣሪያ፣ ኦፍታልሞስኮፕን፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ያደረገው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ሲሆን፣ መሐንዲሶች ይህንኑ ሰው የሚያውቁት በኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1860ዎቹ፣ ሪቻርድ ሊብራይኽ የተባለ የዓይን ሐኪም በሉኪሚያ ታማሚዎች ሬቲና ላይ የሚታየውን ለውጥ ጻፈ። የግድብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በትልቅ ግድብ አካል ውስጥ የፍተሻ መተላለፊያ ይተዋል፤ ተቆጣጣሪው በዚያ ገብቶ የሚያንጠባጥበውን ያያል፣ የፒዞሜትሩን ንባብ ይመዘግባል፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ እርጥበት ያየ ሰው ግን የታመመው መተላለፊያው ነው ብሎ ግድግዳውን ቀብቶ አይመለስም።

በሬቲና ላይ የሚደርሰው ጉዳት አካሄዱ ለሙያችን የቀረበ ስለሆነ ጥቂት ሊቆዩበት የሚገባ ነው። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ስለሚያልፍ ፈሳሽ መጠን የሚናገረው፣ በየኢንጂኔሪንግ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የፑዋዜይ ሕግ የተገኘው በመሐንዲስ ሳይሆን በሐኪም ነው፤ ዣን ፑዋዜይ የመረመረው የደምን አካሄድ ለማወቅ ነበር። በሕጉ መሠረት የፈሳሹ መጠን በቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ኃይል ይወሰናል፤ ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። በተፈጥሮ ሁኔታ ቀይ የደም ሕዋስ 7 ወይም 8 ማይክሮን ስፋት ቢኖረውም፣ እንደ ልብ ስለሚታጠፍ ከእርሱ በሚጠብብ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል። ያልበሰለው የሉኪሚያ ሕዋስ ግን 12፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ማይክሮን የሚደርስና ግትር ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ ሕዋሳት ሲኖሩ፣ በሉኪሚያ ቁጥሩ ከ100,000 በላይ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ጥቃቅኑ ቧንቧዎች ይደፈናሉ፤ ከመደፈኛው በላይ ያሉት ደም መላሾች ያብጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ፤ ፕላትሌትም ስለሌለ በሚቀደዱበት ቦታ ደሙ አይረጋም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ከጉዳዩ ወጣ ያለ የሚመስል ነገር ማንሣት ይጠቅማል። እንዲህ ባለ ታማሚ ላይ የቀይ ሕዋስ ማነስ በተወሰነ ደረጃ ይከላከልለታል፤ ደሙን ያቀጥነዋልና። ስለዚህ ነጭ ሕዋሱ እጅግ የበዛበትን ሰው፣ ገርጥቷል ተብሎ ወዲያውኑ ብዙ ደም ቢሰጡት፣ ውፍረቱ ጨምሮ ቧንቧዎቹ ይብሱን ሊዘጉ ይችላሉ። የሚፈሰውን ሳያውቁ ማሻሻያ ማድረግ በየትኛውም ሙያ አደገኛ ነው።

ታማሚው የሚሰማው ምንድር ነው? አንዳንዱ በአንድ ዓይኑ መሐል ጥቁር ነጥብ ቆሞበት ማንበብ ያቅተዋል፤ አንዳንዱ ብዥ ይልበታል፤ የዓይኑ ነጭ ክፍል ያለ ምክንያት ደም የሚለብስበትም አለ። ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ መይሎይድ የተባለው ፈጣን የደም ነቀርሳ የያዛቸው 53 ሰዎች በተከታታይ ተመርምረው፣ በ34ቱ ዓይን ላይ ከበሽታው የመጣ የሬቲና ወይም የዓይን ነርቭ ለውጥ ተገኝቷል። በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይም እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሉኪሚያ በዓይን ላይ የሚያሳያቸውን ምልክቶች የሚመለከት ጥናት ወጥቷል፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ በትራኮማ መከላከል ሥራ በሰፊው የሚታወቁት የዓይን ሐኪም ዶክተር ወንዱ ዓለማየሁ ናቸው። አንድ ሊቅ ትራኮማንም የደም ነቀርሳንም በአንድ ዓይን ላይ የመረመረ መሆኑ ለዚህ ንግግር ጉዳይ አግባብ ያለው ነው።

በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ሌላ መልክ አለ። ያልበሰሉት ሕዋሳት ከዓይን ጀርባ ባለው አጥንት ሥር ተከማችተው እብጠት ይሆኑና ዓይኑን ከጉድጓዱ ወደ ፊት ይገፉታል። እብጠቱ ሲቆረጥ አረንጓዴ ስለሚመስል በቀድሞ ጊዜ ክሎሮማ ይባል ነበር። በ1960ዎቹ በኡጋንዳ፣ ከዚያም በ1970ዎቹ በቱርክ የነበሩ ሐኪሞች ይህ ዐይነቱ ነገር በአውሮፓ ከተለመደው ይበልጥ በአገራቸው ሕፃናት ላይ እንደሚታይ ጽፈዋል። ያልታወቀው ክፉ ነገር ግን ይህ ነው፤ የዓይኑ መውጣት ከደሙ ምልክት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ቤተሰቡም ሕፃኑን የሚያመጣው ለዓይኑ ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። ከሸርቆሌ ወይም ከመንጌ ወረዳ የመጣች አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጅዋን አዝላ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች እንበል። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያተኩሰው ቆይቷል፤ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዷል፤ አሁን ደግሞ የግራ ዓይኑ አብጧል። የዓይኑ ቆብ ታችኛው ክፍል ተገልብጦ ሲታይ ነጭ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወደ ሉኪሚያ የሚያመለክተው ነገር ሁሉ ወደ ወባም ያመለክታል። ትኩሳቱ የወባ ነው፤ መገርጣቱ የወባ ነው፤ የሚዳሰሰው ጣፊያ የወባ ነው፤ ወባ ፕላትሌትንም ስለሚቀንስ ነስሩ እንኳ የወባ ሊባል ይችላል። ከዚህም በላይ በማላዊ፣ ብላንታየር ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ በሕፃናት ሬቲና ላይ መሐላቸው ነጭ የሆነ የደም ነጠብጣቦችን ያመጣል። በሉኪሚያም የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ከገለጸው ሰው ስም የተነሣ የሮት ነጥብ የሚባለው፣ መልኩ ይህንኑ ይመስላል። እንግዲህ ዓይን ያመለክታል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው ደም ነው።

በዚህ መሐል በቅን ልቡና የሚደረግ አንድ ነገር ጉዳቱ የከፋ ነው። ለዓይኑ እብጠት ማስታገሻ ተብሎ በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ፣ ሊምፎብላስቲክ የሚባለውን የሕፃናት ሉኪሚያ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሰዋል። እብጠቱ ይጎድላል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ እናትየው አመስግና ትሄዳለች። በሽታው ሲመለስ ግን ለመድኃኒት የበለጠ አስቸጋሪ ሆኖ፣ ምርመራውንም አደናግሮ ነው።

ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ ቢታይም፣ አሶሳና አካባቢው በሌሎች ዘንድ የማይገኝ አንድ ዕድል አላቸው፤ ዕድሉም የመጣው ከዚያው ከወባ ነው። በየጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ የታማሚን ጣት ወግቶ፣ ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ አድርጎ፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ይህ ሥራ በየዕለቱ የሚሠራ ነው። በወፍራሙ የደም ጠብታ ላይ ቀይ ሕዋሳት ሟሙተው ሲጠፉ ነጮቹ ይቀራሉ፤ ባለሙያውም የወባውን ተሐዋስያን ብዛት የሚያሰላው እነዚህኑ ነጭ ሕዋሳት መለኪያ አድርጎ ነው። 200 ነጭ ሕዋስ እስኪሞላ ድረስ ይቆጥርና፣ በማይክሮ ሊትር 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ በሚል ግምት ያባዛል። በደንብ በተሠራ ስላይድ ላይ በአንድ እይታ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ነጭ ሕዋሳት ስለሚታዩ፣ 200ው እስኪሞላ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ስላይዱን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ነጭ ሕዋሱ 200,000 የደረሰ ታማሚ ቢሆን ግን ከግምቱ ሃያ አምስት ጊዜ የበለጠ ነውና፣ በአንዷ እይታ ብቻ ከ250 በላይ ይሆናል። ባለሙያው ሳይቆጥር ያየዋል። ቀጭኑን ስላይድ ደግሞ ቢሠራ፣ የሕዋሳቱን ትልቅነትና አለመብሰል ይመለከታል።

ይህ ሲባል ነገሩን ማጋነን አይገባም። ያልበሰሉት ሕዋሳት በመቅኔው ውስጥ ሞልተው በደም ውስጥ ቁጥራቸው ያነሰበት ሉኪሚያ አለ፤ በእንዲህ ያለው ላይ ስላይዱ ሊያታልል ይችላል። ወባ ከሌለ ቆጠራ ስለማይደረግ፣ «ወባ የለም» ተብሎ ቅጹ ይዘጋል። በየቀበሌው ጤና ኬላ ደግሞ ወባ የሚመረመረው በማይክሮስኮፕ ሳይሆን በፈጣን መመርመሪያ ካርድ ነው። ካርዱ ለወባ መከላከል የሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ ከአንድ ጥያቄ በስተቀር ግን አይመልስም፤ ሕዋስም አያሳይም። ስለዚህ በካርዱ ወባ የለብህም የተባለ፣ የገረጣ፣ ዓይኑ የታመመ ሕፃን ከኬላው ወደ ጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ የሚሻገርበት ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡም አጭር ሊሆን ይችላል፤ የዓይን ለውጥ ከመገርጣት፣ ከመድማት ወይም ከጣፊያ ማበጥ ጋር ሲገናኝ ቅባቱ ከመሰጠቱ በፊት ደም ይታይ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የማኅበሩን አባላት በቀጥታ የሚነካ ነው። ከስላይዱ ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ የደም ቆጠራ የሚያደርገው መሣሪያ ነው፤ እርሱም የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጊዜው ያላለፈበት ኬሚካልና በየጊዜው የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። በዚሁ ክልል ውስጥ፣ በጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ከዋናው መስመር ለራቀ ጤና ጣቢያ ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ዋት ነው፤ ያም በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ሊሟላ የሚችል ነው። ኦፍታልሞስኮፕን በተመለከተ ደግሞ፣ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት፣ በፀሐይ የሚሞላ፣ በኪስ የሚያዝ አርክላይት የተባለ መሣሪያ ተሠርቷል። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፈው፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ሆስፒታል ሲሠራ የያኔዎቹ መሐንዲሶች ሕንፃን ከውሃና ከኃይል ጋር አንድ ላይ አስበው መሥራታቸው ነው፤ ፕሮጀክቱ በሌላ በኩል የሚነሣበት ወቀሳ ብዙ ቢሆንም።

መንገዱም አለ። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምቴ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞንና በወለጋ አዋሳኝ ግጭት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ አውሮፕላን ለመሳፈር ዐቅም የሌለው ታማሚ የሚሄድበት አልነበረውም። ነጭ ሕዋሱ ከ100,000 በላይ ለወጣ ሰው አንድ ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው። በአንጎል ውስጥ የሚደርሰው መድማት በሬቲና ላይ ከሚታየው የተለየ ምክንያት የለውም።

መድረስ ግን ዋጋ አለው። ክሮኒክ መይሎይድ የሚባለው፣ ጣፊያን የሚያሳብጠውና በወባ አገር በቀላሉ የወባ ጣፊያ ተብሎ የሚታለፈው የደም ነቀርሳ፣ ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕክምና ከተፈቀደ ወዲህ ለብዙዎች ሥራ እየሠሩ፣ ቤተሰብ እያስተዳደሩ የሚኖሩበት ሕመም ሆኗል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም መድኃኒቱ በዓለም አቀፍ የርዳታ ፕሮግራም አማካይነት ለኢትዮጵያውያን ታማሚዎች በነፃ ሲታደል ቆይቷል። በሕፃናት ላይ የሚበዛው ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በበለጸጉ አገሮች ከአሥር ሕፃናት ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ የሚድኑበት ነው። በአገራችን ውጤቱ ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ለዚህም ዘግይቶ መምጣትና ሕክምናን ማቋረጥ ዋና ምክንያቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ፣ እስከ 2030 ድረስ ቢያንስ ስድሳ በመቶ የሚሆኑ የካንሰር ሕፃናት ታማሚዎች እንዲድኑ ግብ ሲያስቀምጥ ቀዳሚ ትኩረት ከሰጣቸው ስድስት ዐይነቶች መካከል ይኸው ሉኪሚያና ከዓይን ራሱ የሚነሣው ሬቲኖብላስቶማ ይገኛሉ። መይሎይድ የተባለው ፈጣን ዐይነት ግን ዛሬም በየትኛውም አገር አስቸጋሪ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

ቤተሰብ በዚህ ውስጥ የሚሸከመውን ለማወቅ የሚሻ፣ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ታሪክ መመልከት ይችላል። ማኅበሩ ስሙን ያገኘው በደም ነቀርሳ ከሞተ ሕፃን ሲሆን፣ ያቋቋሙትም ወላጆቹ ናቸው። ከሩቅ ክልል ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ላይ የሚያርፉበት እንዲያገኙ ማድረግን ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው፣ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀ ነው።

ለማኅበሩ አባላት ሊቀርብ የሚችለው ሐሳብ ትንሽና የተወሰነ ነው። የወባ ስላይዶች ከየጤና ጣቢያው ተሰብስበው ለዳግም ምርመራ ወደ ክልል ላቦራቶሪ የሚላኩበት አሠራር አለ፤ ይህም የባለሙያውን ሥራ ጥራት ለመቆጣጠር ነው። በዚያ ቅጽ ላይ «ነጭ ሕዋሳት፤ እንደተለመደው ወይም በዝተው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ተጨማሪ ቀለም፣ ተጨማሪ መስተዋት፣ ተጨማሪ መርፌ አይጠይቅም። ይህን የሚወስኑት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። በመሐንዲሱ በኩል የሚቀረው ማይክሮስኮፑ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓትም መብራት እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ከሸርቆሌ በእግርዋ ተነሥታ የምትመጣ እናት ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው በዚያ ሰዓት ነውና።